የተዘጋ ሒሳብ የት ይሄዳል?
የቆዩና የተዘጉ ክሬዲት ካርዶች በአሜሪካ የክሬዲት ሪፖርት ላይ ስላላቸው ውጤት

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ በተናጋሪው የታረመ)



የዛሬው ርእሴ የሩቅ አገር ጉዳይ ይመስላል። ይሁን እንጂ በዚህ አዳራሽ ከተቀመጣችሁት መካከል ጥቂት የማትባሉት ለትምህርት አሜሪካ ቆይታችሁ የተመለሳችሁ ናችሁ፤ ሌሎቻችሁም ለመሄድ በዝግጅት ላይ እንደሆናችሁ ከምጽፍላችሁ የድጋፍ ደብዳቤ ብዛት አውቃለሁ። ባለፈው ዓመት በባንክና ፋይናንስ ሕግ ክፍለ ጊዜ አንዲት ተማሪ፣ «መምህር፣ ሰው ክሬዲት ካርዱን ሲዘጋ ታሪኩም አብሮ ይዘጋል?» ስትል ጠየቀችኝ። እኔም «አይዘጋም» ብዬ በአንድ ቃል መልሼ አለፍሁ። መልሱ ስሕተት አልነበረበትም፤ ነገር ግን ጥያቄው የሚገባውን ያህል አልመለስሁላትም። በዚህ ጉዳይ እኔ ራሴ ዋጋ ከፍያለሁና እንዲያ በቀላሉ ማለፍ አልነበረብኝም። የዛሬው ንግግር የዚያ መልስ ቀሪው ክፍል ነው። ዓመታቱን የምጠቅሰው እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር መሆኑን አስቀድሜ ላስታውስ።

በመጀመሪያ ዘወትር የሚደባለቁ ሁለት ነገሮችን እንለይ። ክሬዲት ሪፖርት አንድ ሰው ከማን ተበደረ፣ መቼ ተበደረ፣ እንዴትስ ከፈለ የሚለውን የያዘ መዝገብ ነው። ክሬዲት ስኮር ደግሞ ያ መዝገብ በቀመር ተሰልቶ የሚወጣ ቁጥር ነው። መዝገቡን የሚይዙት ኢኩዊፋክስ፣ ኤክስፔሪያንና ትራንስዩኒየን የሚባሉ ሦስት የግል ኩባንያዎች ናቸው። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች አይደሉም፤ ይህ ለእኛ አገር ሰው እንግዳ ነገር ነው። ኢኩዊፋክስ በ1899 አትላንታ ውስጥ በሌላ ስም የተቋቋመና በ1975 የዛሬውን ስም የያዘ ድርጅት ነው። በቁጥሩ ረገድ ስሙ ጎልቶ የሚነሣው ፋይኮ ሲሆን፣ ኩባንያውን ኢንጂነሩ ቢል ፌርና የሒሳብ ሊቁ ኧርል አይዛክ በ1956 መሠረቱት። ከ300 እስከ 850 የሚደርሰው፣ አበዳሪዎች በስፋት የሚገለገሉበት ቁጥር የወጣው ግን በ1989 ነው። ፋይኮ ራሱ እንደሚገልጸው ከቁጥሩ 35 በመቶው በአከፋፈል ታሪክ፣ 30 በመቶው ባለው የዕዳ መጠን፣ 15 በመቶው በታሪኩ ርዝመት፣ ቀሪው 20 በመቶ ደግሞ በአዳዲስ ብድሮችና በብድሩ ዓይነት ስብጥር ላይ የተመሠረተ ነው። የተዘጋ ሒሳብ በመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ላይ በሦስት የተለያዩ መንገዶች ይሠራል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው አንዱን መንገድ ሰምቶ ለሦስቱም ስለሚጠቀምበት ነው።

ስለ ቃሉም አንድ ነገር ልበል። በአማርኛ «ፋይሉ ተዘጋ» ስንል ጉዳዩ አለቀ፣ ተረሳ ማለታችን ነው። በክሬዲት ሪፖርት ቋንቋ ግን መዘጋት ማለት በዚያ ሒሳብ ከእንግዲህ አዲስ ብድር አይወሰድም ማለት ብቻ ነው። ዕዳ ካለበት ዕዳው ይቀጥላል፤ ወለድ የሚታሰብበት ከሆነም ወለዱ ይቀጥላል፤ ታሪኩም በመዝገቡ ላይ ይቆያል።

አሁን ወደ ራሴ ጉዳይ ልግባ። በ2002 ለዶክትሬት ትምህርት ወደ ዋሽንግተን አካባቢ በሄድሁበት ጊዜ የመጀመሪያ ካርዴን አወጣሁ። በዚያ ካርድ ለ82 ወራት አንድም ክፍያ ሳላዘገይ ከፍያለሁ። ሰኔ 2009 ወደ አገሬ ለመመለስ ስሰናዳ የአውሮፕላን ቲኬትና የመጻሕፍት ማጓጓዣ ዕዳ ነበረብኝና፣ በወርኃዊ መግለጫው ላይ የተጻፈውን ገንዘብ በሙሉ ከፈልሁ። ከዚያ ስልክ ደውዬ ሒሳቡ እንዲዘጋልኝ ጠየቅሁ፤ ካርዱንም በመቀስ ቆርጬ ጣልሁት። ዕዳ ጥዬ አልሄድሁም ብዬ በሰላም ተሳፈርሁ።

ያላወቅሁት ነገር ነበር። ዕዳውን ከወር ወደ ወር የሚያሻግር ሰው ወለድ የሚታሰብበት በየዕለቱ ነው። መግለጫው ከተዘጋጀበት ቀን ገንዘቡ እስከገባበት ቀን ድረስ ያለው ወለድ በዚያ መግለጫ ላይ የለም፤ የሚመጣው በሚቀጥለው ወር ነው። የእኔ ቀሪ ወለድ 11 ዶላር ነበር። መግለጫው ወደ ቀድሞ አድራሻዬ ተላከ፤ እኔ አዲስ አበባ ነኝ። በነሐሴ መክፈያ ቀኑ አለፈ። 39 ዶላር የመዘግየት ቅጣት ተጨመረ፤ በሚቀጥለው ወር እንዲሁ። በዚያን ጊዜ ቅጣቱ ከዕዳው ሊበልጥ ይችል ነበር። በ2009 የወጣው የክሬዲት ካርድ ሕግ ያስከተለው ደንብ፣ የመዘግየት ቅጣት ካልተከፈለው ዝቅተኛ ክፍያ እንዳይበልጥ ከነሐሴ 2010 ጀምሮ ከልክሏል። ለእኔ ልክ አንድ ዓመት ዘግይቶ ደረሰ።

የአሜሪካ የባንክ ተቆጣጣሪዎች መመሪያ 180 ቀን ያልተከፈለበትን የካርድ ሒሳብ ባንኩ እንደ ኪሳራ ቆጥሮ ከሀብት መዝገቡ እንዲሰርዘው ያዝዛል። ቻርጅ ኦፍ የሚሉት ይህንን ነው። ስሙ ምሕረት ይመስላል፤ ምሕረት ግን አይደለም። ባንኩ ለራሱ ሒሳብ አያያዝ የሚያደርገው ነው፤ ዕዳው በተበዳሪው ላይ ይጸናል፤ ባንኩም ለዕዳ ሰብሳቢ ድርጅት በርካሽ ሊሸጠው ይችላል። የእኔም ተሸጠ።

መስከረም 2015 ለአንድ ዓመት ተጋባዥ ተመራማሪ ሆኜ ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር ተመለስሁ። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ አንድ አፓርታማ ለመከራየት አመለከትሁ፤ ማመልከቻዬም ውድቅ ሆነ። ትምህርት ቤት ተከፍቷል፤ ልጆቹ በሆቴል አንዲት ክፍል ውስጥ ናቸው። ሕጉ አከራዩን በክሬዲት ሪፖርት ምክንያት ሲከለክል የትኛው ቢሮ መረጃውን እንደሰጠው እንዲነግረኝ ያስገድደዋል፤ እኔም በ60 ቀን ውስጥ ከዚያ ቢሮ ሪፖርቴን ያለ ክፍያ የማግኘት መብት አለኝ። ሪፖርቱን አስመጣሁ። ሁለት መስመር አገኘሁ። የመጀመሪያው የራሴ ካርድ ነው፦ በ2002 የተከፈተ፣ በ2009 በደንበኛው ጥያቄ የተዘጋ፣ እንደ ኪሳራ የተሰረዘ። ሁለተኛው የዕዳ ሰብሳቢው ነው፦ ሒሳቡ የተከፈተበት 2013፤ ውዝፉ የጀመረበትም 2013። የተጠየቅሁት 412 ዶላር ነበር።

የሕግ ተማሪዎች እዚህ ላይ ነቃ በሉ። በ1970 የወጣው ፌር ክሬዲት ሪፖርቲንግ አክት የሚባለው ሕግ፣ ለተበዳሪው ጎጂ የሆነ መረጃ በአብዛኛው ከሰባት ዓመት በላይ በሪፖርት ላይ እንዳይወጣ ይከለክላል፤ ለኪሳራ ፍርድ ጊዜው አሥር ዓመት ነው። ጥያቄው «ሰባት ዓመቱ የሚቆጠረው ከመቼ ጀምሮ ነው?» የሚለው ነው። ሕጉ መጀመሪያ ሲወጣ የሚቆጥረው ዕዳው ለሰብሳቢ ከተሰጠበት ወይም ከተሰረዘበት ቀን ነበር። በዚህም ምክንያት አንድ ዕዳ ከሰብሳቢ ወደ ሰብሳቢ በተላለፈ ቁጥር ዕድሜው ይታደስ ነበር። የ1996 ማሻሻያ ይህንን በር ዘጋው። ወደ መሰረዝ ወይም ወደ ሰብሳቢ ያደረሰው ውዝፍ የጀመረበት ቀን ይወሰዳል፤ 180 ቀን ይጨመርበታል፤ ሰባቱ ዓመት ከዚያ ይቆጠራል። ሒሳቡ የተዘጋበት ቀን፣ የተሸጠበት ቀን፣ የመጨረሻው ክፍያ የተፈጸመበት ቀን አንዳቸውም ለዚህ ቆጠራ ቦታ የላቸውም። ለእኔ ውዝፉ የጀመረው ነሐሴ 2009 ነው፤ የመጨረሻው ወሰን እንግዲህ የካቲት 2017 ይሆናል። በሰብሳቢው አቆጣጠር ቢሆን ግን እስከ 2020 ይዘልቅ ነበር። አሜሪካውያን ይህንን ዕዳን ማደስ ይሉታል፤ በሕግ የተከለከለ ነው።

ለቢሮው አቤቱታ ጻፍሁ። ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም፤ የራሱ ሪፖርት ሁለቱ መስመሮች እርስ በርሳቸው ይቃረናሉና ያንን አመለከትሁ። በ2009 የተዘጋ ካርድ በ2013 እንዴት አዲስ ውዝፍ ሊጀምር ይችላል? ሕጉ ለቢሮው 30 ቀን ይሰጠዋል፤ አመልካቹ በመሐል ተጨማሪ መረጃ ካቀረበ 15 ቀን ሊራዘም ይችላል። በ26ኛው ቀን መልስ መጣ፤ ቀኑ ታረመ። እውነተኛው ውዝፍ ግን አልተነሣም፤ ሊነሣም አይገባውም፤ አቤቱታ የሚያነሣው ስሕተትን እንጂ እውነትን አይደለም። «ክሬዲትህን እናጸዳለን» እያሉ ገንዘብ የሚሰበስቡ ድርጅቶች ይህንን ለደንበኞቻቸው አይነግሩም።

በዚያ አንድ ወር ያስጠለሉን የአገራችን ሰው የሆኑ አንድ አዛውንት ነበሩ፤ የቤታቸውን ምድር ቤት አከራዩን። ሪፖርቴን ላሳያቸው ስል፣ «እሱን ተወው፤ እዚህ ከተማ ማን ያውቅሃል?» አሉኝ። ሁለት ሰው ጠራሁላቸው፤ ደወሉ፤ ቁልፉን ሰጡኝ። ይህም የክሬዲት ሪፖርት ነው፤ ልዩነቱ የዋስ ቃል መሆኑ ነው። አሠራሩን ከሚገባው በላይ ማሞገስ አልፈልግም፤ ሁለት ሰው የማያውቀው መጻተኛ ከዚያ በር ይመለስ ነበርና።

በይርጋ ላይ ደግሞ ከፍተኛ መደናገር አለ። እስካሁን የተናገርሁት መረጃው በሪፖርት ላይ የሚቆይበትን ጊዜ ነው። አበዳሪው ፍርድ ቤት ሄዶ ሊከስ የሚችልበት ጊዜ፣ እኛ ይርጋ የምንለው፣ ሌላ ሰዓት ነው። ይርጋው እንደየግዛቱ ይለያያል፤ በሜሪላንድ ለእንዲህ ያለ ዕዳ ሦስት ዓመት ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1845 ለውል ጉዳዮች በጠቅላላው አሥር ዓመት እንደሚሰጥ ታውቃላችሁ፤ በቁጥር 1851 ደግሞ ባለዕዳው ወለድ ወይም ከፊል ዕዳ በመክፈል ዕዳውን ካመነ ይርጋው ይቋረጣል። በብዙ የአሜሪካ ግዛቶችም ተመሳሳይ ሐሳብ አለ፤ ጥቂት ገንዘብ መክፈል የይርጋውን ሰዓት እንደገና ሊያስጀምር ይችላል። የሪፖርቱን ሰዓት ግን ክፍያ አያድሰውም። ብዙ ሰዎች ሁለቱን ደባልቀው «ከከፈልሁ ሰባት ዓመቱ እንደ አዲስ ይጀምርብኛል» ብለው ይፈራሉ፤ መክፈል የሚችሉትን ዕዳ ሳይከፍሉ ይቀመጣሉ። ከኅዳር 2021 ወዲህ በሥራ ላይ ያለው የፌዴራል ደንብ ሰብሳቢዎች ይርጋ ባለፈበት ዕዳ እንዳይከሱና በክስ እንዳያስፈራሩ ይከለክላል። በእኔ ጉዳይ በ2015 ይርጋው አልፎ ነበር። ሆኖም የ11 ዶላሩ ዕዳ የእኔ ነውና በጽሑፍ ተስማምተን ከተጠየቅሁት ባነሰ ገንዘብ ጨረስሁት። የቀኑ ቆጠራ በዚህ ምክንያት አንዲት ቀን አልተለወጠም።

እስካሁን የተነጋገርነው ስለ ክፉው ታሪክ ነው። አንድም ቀን ሳይዘገይ የተከፈለና በሰላም የተዘጋ ካርድስ? ቢሮዎቹ እንዲህ ያለውን ሒሳብ ከተዘጋ በኋላ እስከ አሥር ዓመት ድረስ ያቆዩታል። በፋይኮ ስሌትም በመዝገቡ ላይ እስካለ ድረስ ዕድሜው ይቆጠርለታል። ስለዚህ «የቆየ ካርድህን ከዘጋህ የታሪክህ ዕድሜ ወዲያው ያጥራል» የሚለው ተደጋጋሚ ምክር በዚህ ስሌት ትክክል አይደለም። ማጠሩ የሚመጣው ከአሥር ዓመት በኋላ፣ ሰውዬው ካርዱን ጨርሶ በረሳበት ቀን ነው። በሌሎች ቀመሮች የተዘጉ ሒሳቦች አያያዝ ሊለይ ይችላል።

ለእኔ ከሁሉ ይልቅ የሚደንቀኝ ግን የእነዚህ ሁለት ቁጥሮች ምንጭ ነው። ሰባቱ ዓመት የሕግ ትእዛዝ ነው፤ አሥሩ ዓመት ግን የኩባንያዎቹ ልማድ ነው። ሕጉ በጎ መረጃ ለምን ያህል ጊዜ ይቆይ የሚል አንቀጽ የለውም። ባንክም ቢሆን ለቢሮዎቹ መረጃ እንዲሰጥ በጠቅላላው አይገደድም፤ ከሰጠ ግን ትክክለኛውን መስጠት አለበት። ክፉውን እንዲረሱ የሚያስገድዳቸው ሕግ አለ፤ በጎውን እንዲያስታውሱ የሚያስገድዳቸው የለም። ስለዚህ ነገር የጻፉ ብዙዎች ሁለቱን ቁጥሮች በአንድ ሰንጠረዥ ጎን ለጎን አስቀምጠው ሲያልፉ አነባለሁ፤ አንዱ መብት፣ ሌላው ቸርነት መሆኑ ከሰንጠረዡ አይታይም።

መዝጋት ወዲያውኑ የሚጎዳው በሌላ በኩል፣ በብድር ጣሪያው ነው። ሦስት ካርዶች ያሉትን ሰው እናስብ፦ ጣሪያቸው 6,000፣ 3,000 እና 1,000 ዶላር ነው፤ ድምሩ 10,000። በሁለቱ ትንንሽ ካርዶች ላይ በጠቅላላው 2,000 ዶላር ዕዳ አለበት። ከጣሪያው የተጠቀመው 20 በመቶ ነው። «የማልጠቀምበት ለምን ይቀመጣል?» ብሎ የ6,000ውን ካርድ ዘጋ። ዕዳው በአንዲት ሳንቲም ሳይጨምር ጣሪያው 4,000 ሆነ፤ ድርሻውም ወደ 50 በመቶ ወጣ። ቀመሩ የሚያየው በአንድ ወር ውስጥ ወደ ዕዳ የዘቀጠ ሰው ነው። ዕዳ የሌለበት ሰው ግን በዚህ በኩል እምብዛም አይነካም፤ ዜሮ ለማንኛውም ጣሪያ ቢካፈል ዜሮ ነው። የዚህ ጉዳት በጎ ጎኑ ዕዳው ሲከፈል አብሮ መነሣቱ ነው።

ሪፖርቱ «በደንበኛው የተዘጋ» ወይም «በአበዳሪው የተዘጋ» ይላል። ደንበኛው በፈቃዱ ሲዘጋ ባንኩ ያንን ለቢሮው እንዲያስታውቅ፣ ቢሮውም በሪፖርቱ እንዲያመለክት ሕጉ ያዝዛል። ማስታወሻው ሪፖርቱን በዓይኑ ለሚያነብ ሰው ትርጉም ሊኖረው ይችላል፤ የፋይኮ ቁጥር ግን በእርሱ አይወጣም፣ አይወርድም። ባንኩ ራሱ ለረጅም ጊዜ ያልተሠራበትን ካርድ ሊዘጋ ይችላል፤ አስቀድሞ ያስታውቀኛል ብሎ መጠበቅም አይገባም። አገሩ ለሁለት ዓመት ተመልሶ ካርዱ ሳይሠራበት የቆየ ሰው ይህ ደርሶበት ቢያገኘው አይደነቅ።

እንግዲህ ለምትመለሱት የምለው ጥቂት ነው። ባንኩን የምትጠይቁት መግለጫው ላይ ያለውን ዕዳ ሳይሆን ገንዘቡ እስከሚገባበት ቀን ድረስ ያለውን ሙሉ መዝጊያ ዕዳ ይሁን። ከከፈላችሁ በኋላ ዜሮ የሚል አንድ ተጨማሪ መግለጫ ሳታዩ አትሂዱ። አድራሻ ለውጡ። ዓመታዊ ክፍያ የሌለውን የመጀመሪያ ካርዳችሁን ክፍት መተው ብዙ ጊዜ ይሻላል። ዓመታዊ ክፍያ ያለውን፣ ወይም በኪሳችሁ ሲኖር ለማትፈልጉት ነገር የሚያስወጣችሁን ካርድ ግን ዝጉት፤ ለቁጥር ሲባል በየዓመቱ መቶ ዶላር መገበር ጣዖት ማምለክ ይመስለኛል። ሦስቱ ቢሮዎች ከ2023 ጀምሮ በየሳምንቱ በኢንተርኔት ሪፖርት ያለ ክፍያ ማግኘትን ቋሚ አድርገውታል።

ይህ ጉዳይ ወደ አገራችንም እየመጣ ነው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የብድር መረጃ ማእከል አለው፤ ባንኮች ከማበደራቸው በፊት ይመለከቱታል። በቴሌብር በኩል ጥቃቅን ብድር መስጠት ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ ባንክ ቤት ረግጦ የማያውቅ ሰው የብድር ታሪክ እያበጀ ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግል መረጃ ለተሰበሰበበት ዓላማ ከሚያስፈልገው ጊዜ በላይ እንዳይያዝ መርሕ አስቀምጧል። ተከፍሎ ያለቀ የብድር ውዝፍ ለስንት ዓመት «ያስፈልጋል»? ቆጠራውስ ከየትኛው ቀን ይጀምራል? ከመካከላችሁ የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የሚፈልግ ካለ ጥያቄውን በነጻ ሰጥቻለሁ።

የጀመርሁትን የራሴን ታሪክ ልጨርስ። አንድ ሒሳብ ዘግይቶ ኋላ ውዝፉ ተከፍሎ ወደ መስመር ከተመለሰ፣ ሰባት ዓመት ሲሞላ የሚወገደው የዘገየው ወር ብቻ ነው፤ ቀሪው በጎ ታሪክ ይቆያል። ወደ መስመር ሳይመለስ እንደ ኪሳራ የተሰረዘ ሒሳብ ግን በቢሮዎቹ አሠራር ጊዜው ሲደርስ በሙሉ ይወጣል። መጋቢት 2017 ላይ ሪፖርቴን እንደገና አስመጣሁ። የዕዳ ሰብሳቢው መስመር የለም፤ የ11 ዶላሩ ውዝፍም የለም። ከ2002 ጀምሮ አንድም ቀን ሳላዘገይ የከፈልሁባቸው 82 ወራትም አብረው ሄደዋል።